ቁልቁለት ላይ የሚጠፋ ሞተር

ሚልኬሳ ያን ቅዳሜ ጠዋት የቀኙን ጫማ በግራ እግሩ አጥልቆ ከቤት ሲወጣ፣ ሚስቱ አስቴር ደጃፍ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችው።

«ሰውዬ፣ መኪና ልትመርጥ ነው ወይስ ሊድሩህ ነው?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያቀያይር ፊቱን አላየችለትም እንጂ፣ ብታይ ኖሮ ቀልዱን ትተወው ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

ቤታቸው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ኮብልስቶኑ ካለቀበት አልፎ ዳገቱ ላይ ነው። ስድስት ነፍስ ይኖርበታል፤ ሚልኬሳ፣ አስቴር፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ኢፍቱ፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ፣ እና የሚልኬሳ እናት ወይዘሮ ጋዲሴ። የከተማው ባቡር ሥራ የጀመረበት ዓመት ስለነበር ሰው ሁሉ «እንግዲህ መሄጃ ቀለለን» ይላል። ባቡሩ ግን የእነሚልኬሳን ዳገት አልወጣም። ታክሲም አይወጣውም። ወይዘሮ ጋዲሴ ደግሞ ስኳር አለባቸው፤ የግራ እግራቸው ጣት ሥር ቁስል ወጥቶ ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄደው ያሳጥባሉ። ከወር በፊት ሐኪሙ ቁስሉን ጎንበስ ብሎ አየና ቀና ሲል፣ «ይህ እግር በእግሩ እየሄደ መምጣት የለበትም። እንዲህ ከቀጠለ የምናወራው ስለ ጣት ብቻ አይሆንም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከመኪና ሌላ ወሬ የለም። አስቴር መገናኛ መጋረጃ ትሸጣለች፤ ገንዘቡን የያዘችው እሷ ናት። መንጃ ፈቃድ የያዘው ግን በቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሚልኬሳ ዛሬ የወረዳው መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አውጥቶ ፋይል ይመልስ እንጂ፣ ድሮ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት «ወገቤን አመመኝ» ብሎ መሪ ከመጨበጥ ቢወጣም፣ መንጃ ፈቃዱን በየጊዜው እያሳደሰ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር ሜዳዩን እንደሚይዝ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል። የሰፈር ሰው መኪናው እንግዳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እሱን ነው የሚጠራው። እሱም ወጥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲያደርግ ያየው ሰው የለም።

እና መኪና መራጩ እሱ ሆነ። የመጀመሪያውን «መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው፤ ዱባይ ላይ የዞረ መሪ አላምንም» ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን «ቻሲው ተበይዷል» አለ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ዞሮ አየና ምንም ቢያጣ፣ «ሽታው ደስ አላለኝም» አለ።

«ዛሬ አራተኛው ነው» አለችው አስቴር፣ ከእናቱና ከኢፍቱ ጋር ዳገቱን ሲወርዱ። «ከሽታ ሌላ ምክንያት ፈልግ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከመለሳቸው መኪኖች አንዱም ነውር አልነበረበትም። ነውሩ ያለው እሱ ጋ ነው። ሚልኬሳ መንዳት ይፈራል። ዝም ብሎ መፍራት አይደለም፤ መሪ ሲያይ እጁን ላብ ያጠምቀዋል፣ ምላሱ ላንቃው ላይ ይጣበቃል። ይህንን ለሚስቱም፣ ለእናቱም፣ ለሰው ዘር ነግሮ አያውቅም። እና አሁን ማክሰኞ ሊመጣ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ለይኩን የሚባለው ደላላ ላምበረት አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ ብርማ ሚኒቫን ተደግፎ ጠበቃቸው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አፈ ቅቤ ነው፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ኢፍቱ አያቷን ደግፋ ስታመጣ ሲያይ ስልኩን ኪሱ ከቶ አንድ ነገር ተጫነ፤ የመኪናው የጎን በር ማንም ሳይነካው ተንሸራቶ ተከፈተ። ወይዘሮ ጋዲሴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ማን ነው የከፈተው?»

«ራሱ ነው እናቴ። ይግቡ፣ እግርዎትን የሚዘረጉበት ሰፊ ቦታ አለ።»

«ራሱ የሚከፈት ራሱ ይዘጋላ» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ፤ ግን ገቡ። ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ተቀመጡ። «ለመሆኑ ምን ዓይነት መኪና ነው ያላችሁኝ?»

«ሃይብሪድ ይባላል። ቤንዚንና ባትሪ አጋብተው የሠሩት ነው። የሌላውን ግማሽ ነው የሚጠጣው።»

«ዲቃላ ማለት ነው፣ አኮ» አለች ኢፍቱ። አያቷን የምትጠራው በኦሮምኛ ነው።

«ዲቃላ? እንደ በቆሎው?»

ወይዘሮ ጋዲሴ ከተማው መጥቶ እርሻቸውን ሳይወስደው በፊት ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ዲቃላ የሚያውቁትን ያውቃሉ። «የግብርና ሰዎች ዲቃላ የበቆሎ ዘር ሰጥተውን ነበር። አንድ ዓመት ክንድ የሚያህል እሸት በላን። ከዚያው ዘር አስቀርተን በዓመቱ ብንዘራ፣ አገዳ ብቻ።»

«እናቴ፣ ይሄን እኮ ለዘር አይደለም የሚገዙት።»

«ለከርሞ ምን ይሆናል ነው የምለው እኔ።»

ሚልኬሳ ነፍሱ መለስ አለች። «እውነቷን ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ባትሪው የሞተ ቀን…» አስቴር ዘወር ብላ አየችው። አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ጎማው ሄዶ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው። ጎማው ደህና ነበር። ኮፈኑን አስከፈተ። የሚያውቀውን ሞተር ፈልጎ የሚያውቀው አንድ ነገር አጣ፤ ብርማ ሣጥንና አውራ ጣት የሚያካክሉ ብርቱካን ቀለም ሽቦዎች አየ።

«ጋሽ ሚልኬሳ፣ ብርቱካኑን ሽቦ ብቻ አይንኩ» አለ ለይኩን።

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ብቻ አይንኩት።»

ሚልኬሳ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ኮፈኑን እንደ ጋለ ብረት ምጣድ በሁለት ጣቱ ይዞ ዘጋው።

«በል እንግዲህ» አለች አስቴር፣ ለይኩንን። «እኛ ዳገት ላይ ነው የምንኖረው። ሜዳ ላይ የሚፏልል መኪና አይሆነንም። እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ይውጣ፣ ይውረድ፤ ከዚያ እንነጋገር።»

«እንኳን ራጉኤል…» አለ ለይኩን። «ብቻ እስከ ሰባት ሰዓት ነው የምጠብቃችሁ፤ ከሰዓት ሌላ ሰው ያየዋል።»

እንጦጦ ሲባል ሚልኬሳ ፊቱን አዞረ። ከየካ ቤቱ በስተ ምዕራብ የሚታየውን ያንን ተራራ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የኖረው፤ ቤቱን ሲሠራ እንኳ መስኮቱን ወደዚያ አላወጣም። አናጢው ምክንያቱን ሲጠይቀው «ንፋስ ይገባል» ብሎት ነበር።

መኪናውን የነዳው ለይኩን ነው። ሚልኬሳ ጋቢና ተቀመጠ። እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀበራቸው። አስቴርና ወይዘሮ ጋዲሴ መሃል፣ ኢፍቱ ከኋላ። ለይኩን ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ስለ መኪናው ያወራል፤ እሱን ሲያበቃ ስለገዙት ሰዎች ያወራል። አንድ ቄስ ገዝተው «ጸጥታው ለጸሎት ይመቻል» አሉት አለ። አስቴር ሳቀች። ሚልኬሳ አልሰማም። ሽሮ ሜዳን አልፈው የሱቆቹ ሰልፍ ሳስቶ ባሕር ዛፉ ሲጀምር፣ ኩርባ መቁጠር ጀምሯል።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሚልኬሳ የሌላ ሰው ሚኒባስ ነበር የሚነዳው፤ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ሽሮ ሜዳ። የዚያ መንገድ ሹፌሮች አንድ ልማድ ነበራቸው። ሲወጡ ቤንዚን ይጠጣል፤ ሲወርዱ ግን ተራራው ራሱ ይነዳላችኋል ይባላል። ሞተሩን አጥፍተው፣ ማርሹን ፍሪ አድርገው ይለቁታል። ሁሉም ያደርገዋል። ያላደረገውን «የአባቱ ነዳጅ ነው» ብለው ያሾፉበት ነበር። ሚልኬሳም አደረገው። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬን ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከታዘዘ በኋላ አልረገጥ ብሎ እግር ሥር ድንጋይ ይሆናል። ይህንንም ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን እንደ ሞት ነው፣ የሌላ ሰው ነገር አድርጎ።

አንድ ቀን አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ሲወርድ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ድንጋይ ሆነ። ከፊቱ አራት ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች መንገዱን ሞልተው ይወርዳሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለሚመጣ አልሰሙትም። ክላክሱን ሲጫን ኋለኛዋ ብቻ ዘወር አለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሚልኬሳ መሪውን ወደ ተራራው ጎን ሰበረውና መኪናውን ከነሰዉ ቦይ ውስጥ ከተተው።

ማንም አልሞተም። ማንም አልተቧጨረም እንኳ። ተሳፋሪዎቹ እየተራገሙ ወርደው ሂሳባቸውን አስመለሱ። ሴትየዋ የወደቀ ሸክሟን አንሥታ፣ ምንም ሳትለው ሄደች። ጥቂት ሰድባው ብትሄድ ኖሮ ምናልባት ይሻለው ነበር። ማታውኑ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሶ «ወገቤን» አለ። ወገቡ እስከ ዛሬ ታሞ አያውቅም።

ራጉኤል በር ላይ ሲደርሱ ለይኩን መኪናውን አቆመና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ዞሮ የሚልኬሳን በር ከፈተለት።

«ዳገቱ የኔ ነበር። ቁልቁለቱ የእርስዎ ነው ጋሽ ሚልኬሳ።»

«አይ፣ አንተው ንዳው። እኔ ድምፁን ላዳምጥ።»

«የሚገዛው እሱ ነው እንዴ?» አለች አስቴር።

«ወገቤን ዛሬ ትንሽ…»

«ወገብህን ጠዋት በቅቤ አሽቼልሃለሁ» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ ከኋላ። «ተነሥ ኢልመ ኮ። ልጄ ሹፌር ነው እያልኩ ስኖር ሲነዳ እኮ አላየሁህም። ያኔ ገጠር ነበርኩ።»

ኢልመ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁለት ልጅ ቀብረው የተረፈላቸው እሱ ስለሆነ፣ ይህችን ቃል ሲሏት እምቢ አይባልም። ሚልኬሳ ወረደ። ከጋቢናው በር እስከ ሹፌሩ በር ያለችው መንገድ አምስት እርምጃ ትሆናለች፤ እሱ አሥር አደረጋት። መሪውን ሲጨብጥ መዳፉ አዳለጠው። በሱሪው ጠርጎ እንደገና ጨበጠው። ለይኩን በእሱ ቦታ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ እያጉረመረመም ያጽናናዋል። መኪናው አውቶማቲክ ቢሆንም፣ የግራ እግሩ ልማዱ ነውና ፍሪሲዮን እየፈለገ ባዶ ምንጣፍ ይዳብሳል። አንደኛውን ኩርባ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ዞረ። ወይዘሮ ጋዲሴ ከኋላው «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ፤ ቀስ፣ ቀስ። ሁለተኛውንም ዞረ። «አባዬ፣ በእግር የሚሄዱት ቀደሙን» አለች ኢፍቱ። አስቴር ሳቅ አለች። ሚልኬሳ በአፍንጫው አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። እግሩን ከፍሬኑ ላይ ትንሽ አነሣ። መኪናው ራሱን ለቀቅ አደረገ።

ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

አልተንተፋተፈም፣ አላስነጠሰም። እፍ እንደተባለ ሻማ ነው ድርግም ብሎ የጠፋው። የቀረው የጎማው ሹክሹክታና በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ነው። ያንን ንፋስ ያውቀዋል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሕልሙ የሰማው ያንኑ ንፋስ ነው።

ፍሬኑን አልረገጠም። ኋላ ሲያስበው ራሱንም የሚገርመው ይህ ነው። እግሩ ከፍሬኑ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካልረገጠው፣ ፍሬኑ ሊኖር ይችላል። ረግጦት ድንጋይ ከሆነ ግን የለም ማለት ነው፤ እናቱም፣ ሚስቱም፣ ልጁም ከኋላው ተቀምጠዋል።

«ሞተሩ ጠፋ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ለይኩን ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሣም። «አዎ፣ ይጠፋል» አለ።

ይጠፋል። እንዲህ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ዝናብ ይዘንባል እንደማለት። ሚልኬሳ ሰውዬው እንደሚያውቅና እያወቀ እንዳስቀመጣቸው ገባው። ሦስተኛው ኩርባ መጣ። መሪውን አዞረ፤ መኪናው እየፈጠነ ዞረ፤ ከኩርባው ማዶ ሦስት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ይወርዳሉ። ሸክማቸው ከትከሻቸው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክንድ ወጥቷል። በተራራው ጎን፣ ቦዩን ይዘው ነው የሚሄዱት። በሌላው ጎን መንገዱ አልቆ የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ይታያል።

አልሰሙትም። መኪናው አይሰማማ።

ያኔ ቦዩ ባዶ ነበር። አሁን ቦዩ ውስጥ ሰው አለ።

«የሆነ ነገር ያዙ» አለ። «እማዬ፣ ወንበሩን ያዢ።»

«ሚልኬ፣ ምን ሆንክ?» አለች አስቴር። ከዚያ በትከሻው በኩል መንገዱን አየች። «ፍሬን። ሚልኬ፣ ፍሬን ያዝ።»

ክላክሱን ፈለገ፤ መዳፉ የመሪውን መሃል ስቶ ጠርዙን መታው። የመጨረሻዋ ሴት ነጠላዋ ላይ የተሰፋው እራፊ፣ ከዚያም የእራፊው ክር እንኳ ታየው። ለይኩን አሁን ስልኩን ለቆ «ይርገጡት እንጂ» ይላል። ወይዘሮ ጋዲሴ «ያ ዋቃ» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። እግሩ ራሱ ነው የወደቀው እንጂ ሚልኬሳ ረገጥኩ ብሎ ሊምል አይችልም። ከነሙሉ ክብደቱ ወደቀ።

መኪናው ቆመ። አቋቋሙም እንዲህ ነው፤ የለይኩን ስልክ በርሮ መስታወቱን መታ፤ የኢፍቱ ግንባር ከፊቷ ካለው ወንበር ጋር ተጋጨ። ከኮፈኑ እስከ እንጨቱ ጫፍ አንድ ክንድ አይሞላም።

ሴትየዋ አሁንም አልሰማችም። የኢፍቱን «ኡፍ» ስትሰማ ነው ዘወር ያለችው፤ ሸክሙም አብሯት ሲዞር ጫፉ ኮፈኑን ጠርጎት አለፈ። መኪናውን አየች፣ ሚልኬሳን አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መኪና ድምፁን የት አስቀምጦ ነው የመጣው?»

ሚልኬሳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

«ሰው እንኳ የሰው ግቢ ሲገባ ይስላል» አለች። «ጉሮሮውን ይጥረግ ቢያንስ።» ሸክሟን ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጋ አስተካከለችና ጓደኞቿ ጋ ደረሰች።

ሚልኬሳ በሩን ከፍቶ ወረደ። መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለይኩን መጥቶ ከፊቱ ቁጢጥ አለ፤ ደላላነቱ ለጊዜው ተንኖበታል።

«ጋሼ፣ ጠፋ ማለት እኮ ሞተ ማለት አይደለም። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን አያስፈልገኝም ብሎ ራሱ ነው የሚያርፈው። ሲፈልግ ይነሣል። ፍሬኑ ከሞተሩ ጋ አይጠፋም፤ ያዩት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ እኮ ሹፌር ነዎት አሉኝ።»

አስቴር ወርዳ አጠገቡ ቆማለች። እናቱ በተከፈተው በር እግራቸውን ዘርግተው ያዳምጣሉ። ሚልኬሳ ቀና ሳይል፣ ጫማውን እያየ ነገራቸው። ሚኒባሱን፣ ፍሪ የተለቀቀውን ማርሽ፣ ድንጋይ የሆነውን ፍሬን፣ ዘወር ያለችውን ሴት። ሲናገረው አጭር ሆነበት። አሥራ አምስት ዓመት የተሸከመው ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አስቴር በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«መሪው የዞረውስ?» አለችው።

«ደህና ነበር።»

«ቻሲው?»

«አልተበየደም።»

«ሽታው?»

«ሽታ አልነበረውም።»

«ወገብህስ?» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ ከመኪናው ውስጥ። እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸውን አዩት። «አሥራ አምስት ዓመት። ለሰርግ የሚበቃ ቅቤ ነው ይሄ ደህና ጀርባ የጠጣው።»

ኢፍቱ ግንባሯን እያሸች ሳቀች። አስቴር አልሳቀችም። «የእማዬ እግር እዚህ ደርሶ አንተ ሽታ ትለኛለህ» አለችው፤ ጮክ አላለችም። «ፈራሁ ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር? ሌላ ሹፌር እፈልግ ነበር። ሦስት ማክሰኞ እኮ ነው ያባከንከው።»

«ሰፈሩ…» አለና ተወው። ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ ቢያወራበት የእናቱን አንድ ጣት እንደማያክል አሁን ለራሱም ታየው። ቢሆንም የማፈሩ ነገር አልለቀቀውም፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ለይኩን ሰዓቱን አየና ተነሣ። «ግድ የለም፣ ሽሮ ሜዳ ድረስ እኔ ላውርዳችሁ። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ማክሰኞስ?» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ።

«አቤት እናቴ?»

«ማክሰኞ አንተ ነህ የምታደርሰኝ?»

«እኔ ማክሰኞ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያስ የማክሰኞው ሰው ያውርደኝ።»

ሚልኬሳ እናቱን አየ። ቀልድ ፊታቸው ላይ ፈለገ፤ የለም። እሳቸውም ፈርተዋል። የወንበሩን ጠርዝ የያዘው እጃቸው ገና አልለቀቀም። ፈርተውም እዚያው ተቀምጠዋል።

«እኔ መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ» አለች አስቴር። «ሰኞ እመዘገባለሁ። ግን ሦስት ወር ነው የሚፈጀው፤ እግሩ ሦስት ወር አይጠብቅም።» ከዚያ ቁጢጥ ብላ ፊቱን አየችው፤ ጠዋት ያላየችለትን። «እንደ ሹፌር ሆነህ አንድ ጊዜ እውነቱን ንገረኝ። መኪናው ይሆናል?»

«መኪናው ይሆናል» አለ። «ፍሬኑን ስይዘው ቀጥ ነው ያለው።»

«አንተስ?»

«እኔን እንጃ።»

አስቴር ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ለይኩን፣ መኪናውን ወስደነዋል። ለዚያኛው ሰውዬ እንዳይመጣ ደውልለት» አለችና ገብታ ተቀመጠች፤ አሁን ግን እናቱ አጠገብ ሳይሆን ጋቢና። ለይኩን ወደ ኋላ፣ ኢፍቱ ጎን ሄደ።

ሚልኬሳ ተነሣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መሪው አሁንም አዳለጠው። ፍርሃቱ የትም አልሄደም፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር አሁን መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማወቁ ነው። እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ፣ መኪናው ያለ አንዲት ድምፅ ወደፊት ተንከባለለ።

እንጨት ተሸካሚዎቹ ጋ ወዲያው ደረሰ። መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ።

«ክላክስ ያድርጉላቸውና ይለፉ» አለ ለይኩን ከኋላ።

«አይሆንም። ይደነግጣሉ።»

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?»

«እንከተላቸዋለን።»

ተከተሏቸው። ኢፍቱ መስኮቱን አውርዳ አንገቷን አወጣች። «እትዬ፣ ከኋላችሁ መኪና አለ» እያለች ትጣራለች። «ዝም የሚል መኪና ነው። አለ፣ እዚሁ ነው ያለው።»

«ሰምተናል» አለች ያቺው ሴት ዘወር ሳትል። «መኪናው ሳሉን ላንቺ ሰጠሽ እንግዲህ።»

መኪናው አንዳንዴ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ሚልኬሳ ትንፋሹን ይይዛል። «ጠፋ» ይላል፤ አስቴርም መንገዱን እያየች «ጠፋ» ትለዋለች። ፍሬኑን ይረግጣል፣ መኪናው ይቆማል። ይለቀዋል፣ ይሄዳል። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ደግሞ ይረግጠዋል፣ መኖሩን ሊያይ። በረገጠ ቁጥር የአምስቱም ሰው አንገት አንድ ላይ ወደፊት ይሰግዳል። ለይኩን ከኋላ ወንበር ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፤ ወይዘሮ ጋዲሴ «ሱታ» ማለቱን ትተውታል፣ ከዚህ በላይ ቀስ የለምና።

ሽሮ ሜዳ ገና ሩቅ ነበር።